ለውሻችን የወረወርኩት ሳንባ

ዛሬ ላጫውታችሁ የመጣሁት ስለ ውሻ ነው። «ወሬ ጠፋና ስለ ውሻ?» ትሉ ይሆናል። አልፈርድባችሁም። እኔም ብሆን ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዲህ ያለ ርዕስ ባይ ገጹን ገልጬ አልፍ ነበር። ታናሽ እህቴ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ በሩ ላይ ቆሜ ከጠበቅኋት ቀን ወዲህ ግን ነገሩ ቀልድ አልሆነልኝም።

የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ሰፈራችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ውሻ የሌለበት ግቢ ማግኘት ይከብዳል። የከባድ መኪና ማቆሚያው፣ መጋዘኑ፣ ፋብሪካው፣ ጋራዡ ሁሉ ሌሊቱን የሚያድረው በዘበኛና በውሻ ጥበቃ ነው። እኛም ቤት «ቻለው» የሚባል ቡናማ ውሻ አለን። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። ለየትኛው ጎረቤት መልእክት ለማስተላለፍ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችንም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከአንድ የፋሲካ በዓል ነው። አምስት ቤተሰብ ሆነን አቃቂ ከብት ገበያ አንድ በሬ ገዛንና ቅርጫ ገባን። በሬው እኛ ግቢ ታረደ። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ሥጋ ከሚመድቡት ጋር ተቀመጥኩ። ጉበቱ ተለየ፣ ጨጓራው ለዱለት ሄደ፣ ሳንባው ግን እንደተለመደው ፈላጊ አላገኘም። ላዩ ላይ የእንቁላል መጠን ያለው፣ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ነበረበት። በቢላዋ ጫፍ ነካ ሳደርገው ውሃው ፊጭ ብሎ ፊቴ ላይ ተረጨ። ሁላችንም ሳቅን። «ለቻለው ስጠው እንጂ፣ እሱም ይፈስክ!» አሉ አንድ ጎረቤታችን። ወረወርኩለት። እህቴ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር፤ ቻለው ሳንባውን በአየር ላይ ሲቀልበው አይታ አጨበጨበች።

«ቤት ውስጥ ውሻ አላችሁ?»

ጥቂት ወራት ቆይቶ እህቴ ከቀኝ ጎድኗ በታች «ይከብደኛል፣ ይወጋኛል» ማለት ጀመረች። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ። ቀጥሎ ጨጓራ ነው ተባለ። በመጨረሻ እናቴ «ወጌሻ ያሻትና ይለቃታል» ብላ ልትወስዳት ስትል አክስታችን «ኧረ መጀመሪያ ሐኪም ይያት!» ብላ ይዛት ሄደች። እግዜር ይስጣት።

በአልትራሳውንድ ሲታይ ጉበቷ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኘ። ሐኪሙ ምስሉን አይተው መጀመሪያ የጠየቁት ምን መሰላችሁ? «ቤት ውስጥ ውሻ አላችሁ?»

እናቴ ደነገጠች። «ዶክተር፣ ልጄን ውሻ አልነከሳትም እኮ!»

«መንከስ የለበትም እናቴ። ውሻው ምንድን ነው የሚበላው?»

መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። አፌ ደረቀ። ወደ ወጌሻ ልንወስዳት እንደነበር ሲሰሙ ደግሞ ሐኪሙ ራሳቸውን ያዙ። ለካ ይህ ከረጢት በእሽት ወይም በምት ከፈነዳ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ኃይለኛ አለርጂ ቀስቅሶ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ያ ባይሆን እንኳ በውስጡ ያሉት ፍሬዎች በሆድ ዕቃ ውስጥ ተበትነው ሌሎች ከረጢቶች ሊያበቅሉ ይችላሉ።

የትሏ ጉዞ

በሽታው ሃይዳቲድ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሃይዳቲድና የእሱ ዘመድ የሆነው በሽታ በአንድ ጊዜ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይዘው ይገኛሉ። በሀገራችንም ለቄራ ሠራተኞችና ለእንስሳት ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። በከብት ሳንባና ጉበት ላይ ዘወትር የሚያዩት ነው።

አምጪዋ ከኮሶ ትል ወገን የሆነች ትንሽዬ ትል ናት። ኮሶ ትል በሰው ሆድ ውስጥ ብዙ ሜትር ስትረዝም ይህቺ ግን ከጥቂት ሚሊሜትር አታልፍም። የምትኖረው በውሻ ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው። እስቲ ጉዞዋን አብረን እንከተላት።

ትሏ የምትጥለው እንቁላል በዓይን አይታይም። ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሣር፣ በአፈርና በውሃ ላይ ይበተናል። በሬው ወይም በጉ ሲግጥ እንቁላሉን ይውጠዋል። እንቁላሉ አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና በደም ተጉዞ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ይሰፍራል፤ እዚያም ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። በከረጢቱ ውስጥ እንደ አሸዋ የደቀቁ እልፍ ፍሬዎች አሉ። እያንዳንዷ ፍሬ ወደፊት አንድ ትል መሆን ትችላለች። ነገር ግን ለዚህ የውሻ አንጀት ያስፈልጋታል። በሬው ታርዶ ሳንባው በጥሬው ለውሻ ካልተሰጠ ጉዞዋ እዚያው ያበቃል። ከተሰጠ ግን ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ውሻው እንቁላል መበተን ይጀምራል።

ሰው ከበሬው ወገን ይቆጠራል። እንቁላሉን ከዋጠ እንደ በሬው ሁሉ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ከረጢት ይበቅልበታል። ውሻ ራሱን ይልሳል፤ እንቁላሉ በምላሱ ወደ ፀጉሩና ወደ አፉ ይሄዳል። ልጅ ውሻውን ደባብሶ ሳይታጠብ እንጀራ ይቆርሳል። እንቁላሉ በደንብ ባልታጠበ ሰላጣና ጎመን ላይም ሊገኝ ይችላል። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን አትክልት የምንበላ ሰዎች ይህን ልብ እንበል።

እንግዲህ በኅሊናዬ ውስጥ የነበረውን ጥያቄ ሐኪሙን ጠየቅኳቸው። «ዶክተር፣ በዚያ ፋሲካ የሰጠሁት ሳንባ ነው እንዴ?» አይደለም አሉኝ። ከረጢቱ በዝግታ ነው የሚያድገው፤ የእህቴን ያህል ለመሆን ዓመታት ይፈጅበታል። ከየትኛው ውሻ፣ በየትኛው ቀን እንደያዛት ማንም ሊያውቅ አይችልም። ለጊዜው እፎይ አልኩ። ቤት ስገባ ግን ሌላ ጥያቄ ተከተለኝ። ባለፉት ዓመታት ሁሉ፣ ለእንቁጣጣሽም ለገናም፣ ሳንባውን ሲወረውር የነበረው ማን ነው?

የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ወሬው ሰፈር ውስጥ ሲሰማ ሁሉም የየራሱን ተናገረ። አብዛኛው ስህተት ስለነበር አንድ በአንድ ላንሳው።

«ጥሬ ሥጋ በልታ ነው።» አይደለም። ጥሬ የበሬ ሥጋ የሚያመጣብን ኮሶ ነው። ሃይዳቲድ ሰውን የሚይዘው ከውሻ ዓይነ ምድር በሚወጣው እንቁላል ነው። ያ ፊቴ ላይ የተረጨው ውሃ እንኳ፣ ሐኪሙ እንደነገሩኝ፣ የሚያሰጋኝ አልነበረም። ያን ዕለት አደጋው ላይ የወደቀው በልቶ የተደሰተው ቻለው፣ ከእሱም በኋላ እሱን የሚደባብሱት ልጆች ናቸው።

«ውሻችን እኮ ጤነኛ ነው።» ይሆናል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ትሎች ይዞም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። አይከሳም፣ አያስነጥስም፣ ፀጉሩ አይረግፍም። በማየት አይታወቅም። ስለ ሌላ በሽታ «መልክ አይቶ መለየት አይቻልም» የሚለውን ትምህርት ስንት ጊዜ ሰምተናል? እዚህም ያው ነው።

«እኔ ውሻዬን አስከትቤያለሁ።» ጎሽ! በየዓመቱ ማስከተብ አይቅር። ነገር ግን ክትባቱ የሚከላከለው የእብድ ውሻ በሽታን እንጂ ትልን አይደለም። ለትሏ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ መጠኑ በውሻው ክብደት ስለሚወሰን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ነው። በሽታው ባለበት አካባቢ በዓመት ቢያንስ 4 ጊዜ፣ ማለትም በየ3 ወሩ እንዲሰጥ ይመከራል። መድኃኒቱ ትሏን እንጂ እንቁላሏን ስለማይገድል በቀጣዮቹ ቀናት የውሻውን ዓይነ ምድር በአካፋ ሰብስቦ በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል ያስፈልጋል። ውሻ ከነከሳችሁ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው፤ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ።

«ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል።» ይህ ነው በጣም ያሳዘነኝ። እህቴ ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ አብራት የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች። በኮዳዋ ውሃ የሚጠጣላት ጠፋ። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ አስጠላለሁ እንዴ?» አለችኝ። ሃይዳቲድ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በመጨባበጥም፣ አብሮ በመብላትም፣ በአንድ ኮዳ በመጠጣትም አይተላለፍም። ይህ መጽሔት ስለ ማግለል ሲጽፍ ያነበበ ወጣት ሁሉ ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ጥሬ ወይስ ብስል?

አሁን ወደ ዋናው የውሻ አሳዳሪዎች ጥያቄ እንምጣ። በየሰፈሩ ጀርመን ሼፐርድ የሚያሳድጉ ወጣቶች በርክተዋል። ከእነሱም ውስጥ «ውሻ የተኩላ ዘር ነው፣ ጥሬ ሥጋ ሲበላ ነው ፀጉሩ የሚያበራው፣ ጥርሱ የሚጸዳው» የሚሉ አሉ። በውጭ ሀገርም ይህን የሚከተሉ ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ እዚያ ለውሻ የሚሸጠው ጥሬ ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ ተመርምሮ ከታረደ ከብት የተገኘና በከባድ ቅዝቃዜ የቆየ ነው። እንዲያም ሆኖ ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ተዋሲያን እየተገኙበት ያስቸግራል።

የእኛስ? በቄራ የሚታረድ ከብት የሥጋ መርማሪ ያየዋል፤ ከረጢት ያለበትን ሳንባና ጉበት ለይቶ ያስወግዳል። በግቢያችን ስናርድ መርማሪው ማን ነው? ቢላዋ የያዘው ጎረምሳ፣ ማለትም እኔ። ቀዩ ሥጋ በሃይዳቲድ በኩል ብዙም አያሰጋም፤ ለውሻ የምንሰጠው ግን እሱን አይደለም፣ ሳንባውንና የተበላሸውን ጉበት ነው። ለቀናት በፍሪዘር ማቆየት የከረጢቱን ፍሬዎች ሊገድል ይችላል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ግን እኔ በዚህ አልተማመንም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ መቀቀል። የከረጢቱ ፍሬዎች እንዲሞቱ ሳንባና ጉበት ለ30 ደቂቃ መፍላት እንዳለበት በጥናት ታይቷል። የበሬ ሳንባ ትልቅ ስለሆነ ከትፎ መቀቀል ነው። ድስቱ የውሻው ብቻ ይሁን። ከረጢት ጎልቶ የሚታይበትን ግን ብትቀቅሉትም ባትሰጡት ይሻላል፤ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ የት እንቅበር ትሉ ይሆናል። ጥሬውን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ መጣል ማለት ለመንገድ ውሾች ድግስ መደገስ ነው። መጀመሪያ ቀቅሉት፣ ከዚያ ጣሉት።

መቀቀል ካነሳን ሌሎች ሁለት ነገሮችም ልጨምር። አንደኛ፣ የተረፈ ወጥ ለውሻ አይመችም። የወጣችን መሠረት ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ሲበዛ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ስለዚህ እንጀራውን ወይም ሩዙን ሽንኩርት በሌለበት መረቅ አርሱለት። ሁለተኛ፣ የተቀቀለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ሲሰበር እንደ ስንጥር ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። የዶሮ ወጡን አጥንት ለውሻ የምንጥል ሰዎች ልማዳችንን እንተው።

ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ያለ ወገኖቻችን ውሻ ማሳደግ ይችላሉ ወይ የሚል ጥያቄም ይነሳል። ይችላሉ። ውሻ ኤች አይ ቪን አይይዝም፣ አያስተላልፍም፤ ጓደኝነቱም መልካም ነው። ሆኖም ጥሬ የሚበላ ውሻ ሳልሞኔላን በዓይነ ምድሩና በአፉ ሊያወጣ ይችላል፤ የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ደግሞ በዚህ ተዋሲያን ክፉኛ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ብስል መመገብ፣ ዓይነ ምድሩን ሌላ ሰው እንዲያነሳ ወይም በጓንት ማንሳት፣ እጅን በሳሙና መታጠብና የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ ነው።

አንዲት ትንሽ መጽሐፍ የሠራችው ሥራ

«የኛ ሰው ልማዱን አይለውጥም» የሚለኝ አልጠፋም። የአይስላንድን ታሪክ ስሙኝማ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህች የበግ አርቢዎች ደሴት ሃይዳቲድ ብዙ ሰው ይገድል ነበር። በ1863 እ.ኤ.አ. ሀራልድ ክራብ የተባለ ዴንማርካዊ ተመራማሪ ወደዚያ ሄዶ የ100 ውሾችን አንጀት መረመረ። በ28ቱ ውስጥ ትሏን አገኘ። በተከታዩ ዓመት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ በመንግሥት ወጪ ታትማ በየቤቱ ታደለች። መልእክቷም ከረጢት ያለበትን ዕቃ ለውሻ አትስጡ፣ አጥፉት፣ የሚል ነበር። ቆይቶም ሕግ ወጣ። አሁን በሽታው ከአይስላንድ ጠፍቷል። ዘመናዊው የትል መድኃኒት ሳይፈጠር ነው ሥራው የተጀመረው! ኒው ዚላንድም ከብዙ አሥርት ዓመታት ጥረት በኋላ በ2002 እ.ኤ.አ. ከበሽታው ነፃ ወደ መሆን ደረሰች።

በሀገራችን ደግሞ በደቡብ ኦሞ በሐመሮች ዘንድ የተደረገ ጥናት በ1993 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር። በሽታው በተለይ የሴቶች ችግር መሆኑን አሳይቷል። ከቤትና ከልጅ፣ ከውሻም ጋር የሚውለው ማን እንደሆነ ለምናውቅ ይህ የሚገርም አይደለም። እኛም ቤት ቢሆን ለቻለው ምግቡን የምታቀርብ፣ ግቢውን የምትጠርግ እህቴ ናት።

የኛ ቤት ውሳኔ

እህቴ ለተወሰነ ጊዜ አልቤንዳዞል የሚባል መድኃኒት ወሰደች፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገላት። ተመስገን፣ ድናለች። ከረጢቱ ሊመለስ ስለሚችል ግን በየጊዜው አልትራሳውንድ ትነሳለች። ሆዷ ላይ ያለውን ጠባሳ ሳይ እስከ ዛሬ ዓይኔን አሽሻለሁ።

ከሆስፒታል እንደወጣች እናቴ «ይህ ውሻ ዛሬውኑ ከቤቴ ይውጣ!» አለች። አንድ ጎረቤት «መርዝ አለኝ» ብለው መጡ። እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና ሰምታ አለቀሰች። «እሱ ምን አጠፋ? የሰጣችሁትን ነው የበላው።» ሁላችንም ዝም አልን። በማግስቱ ቻለውን በገመድ ይዤ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ። ተመዘነ፣ መድኃኒቱን ዋጠ፣ ተከተበም። ለሦስት ቀን አካፋ ይዤ ስከተለው የሰፈር ልጆች ሳቁብኝ። ይሳቁ።

በቀጣዩ በዓል ቅርጫ ስንገባ እኔ አንድ ነገር ጠየቅሁ። ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ጉድጓድ ይቆፈር አልኩ። ቻለው ታስሮ ዋለ። ሳንባው ላይ ሁለት ከረጢቶች ነበሩ፤ ሳንነካቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገቡ፣ ድንጋይ ተጫነባቸው። «ለውሻ ተብሎ ከሰል!» እያሉ ያሾፉብኝ የነበሩት ጎረቤታችን የቻለውን ድርሻ በአሮጌ ድስት ከትፈው ሲጥዱልኝ አየሁ። ግማሽ ሰዓቱን በስልካቸው ሰዓት ቆጠሩ።

ወጣቶች፣ በየግቢያችን በበዓል ቢላዋ የምንይዘው አብዛኛውን ጊዜ እኛ ነን። አባቶቻችን እስኪያዙን አንጠብቅ። ጉድጓዱን እንቆፍር፣ ውሻችንን እንሰር፣ ድስቱን እንጣድ፣ ልጆቹን እጃቸውን እናስታጥብ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ! እህቴ አሁንም ከቻለው ጋር ትጫወታለች። ስትጨርስ ግን ሳሙና ይዛ ወደ ቧንቧው ትሮጣለች፤ ስረሳ ደግሞ «ወንድም ጋሼ፣ አንተስ?» ትለኛለች።

ቸር ይግጠመን!